መድረስና መዘግየት

ሐዘንተኛን መጠየቅ በአማርኛ «ለቅሶ መድረስ» ይባላል። የቃሉ ክብደት ያረፈው በመድረስ ላይ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው አካሉን ይዞ መንገድ ሄዷል፣ ደጃፍ አልፏል፣ ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጧል። ያልደረሰ ሰው በልቡ የቱንም ያህል ቢያዝን «አልደረሰልኝም» የሚል ቅሬታ ይከተለዋል፤ ቅሬታውም አንዳንድ ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አገሩን ለቅቆ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ የቆየ ቃል ዛሬ አዲስ ችግር ገጥሞታል። አዲስ አበባ ላይ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የሚፈጸም ቀብር በጁላይ ወር እዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይውላል። ወደ ሥራ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ የወላጁ አስከሬን ወደ መቃብር ሲወርድ በእጁ በያዘው ስልክ ያያል። ምስሉ ደርሶታል። እርሱስ ደርሷል ማለት ይቻላልን?

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። አንድ ነገር በሚሆንበት ቅጽበትና እኛ በምናይበት ቅጽበት መካከል ያለውን የጊዜ ክፍተት መሐንዲሶች «ሌተንሲ» ይሉታል፤ እኔ መዘግየት እለዋለሁ። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የመገናኛ ጠበብት ይህን ክፍተት ለማጥበብ ብዙ ደክመዋል፣ ተሳክቶላቸውማል። የክፍተቱ መጥበብ ሁልጊዜ መልካም ነውን? መልካም ካልሆነስ መዘግየቱን የመጠበቅ ኃላፊነት የማን ነው? (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የስልክ ካሜራ በሰከንድ 30 ያህል ምስሎችን ያነሣል። ምስሎቹ እንዳሉ ቢላኩ ተራ የኢንተርኔት መስመር አይሸከማቸውም፤ ስለዚህ ኮምፕዩተሩ እያንዳንዱን ምስል ከጎረቤቱ ምስል ጋር እያስተያየ የተለወጠውን ብቻ ያስቀራል። የተጨመቀው ምስል በትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ በመረቡ ላይ ይጓዛል። እሽጎቹ እኩል አይደርሱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይጠፋል። ተቀባዩ መሣሪያ ምስሉ እንዳይቆራረጥ ሲል የደረሱትን ጥቂት አጠራቅሞ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ያሳያል። በየደረጃው ጥቂት ጥቂት ጊዜ ይሄዳል።

መሐንዲሱ በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ምርጫ አለበት። የጠፋው እሽግ እንደገና እስኪላክ ጠብቆ ምስሉን ሙሉ ማድረግ ይችላል፤ ወይም የጠፋውን ትቶ ወደ ፊት ይቀጥላል። አፕል በ2009 ያወጣው የሥርጭት ዘዴ ያደላው ወደ መጠበቁ ነበር። ቪዲዮው በ10 ሰከንድ ቁራጮች እየተቆረጠ ይላካል፤ ማጫወቻው ሦስት ያህል ቁራጮች ሳይዝ ስለማይጀምር ተመልካቹ ከሁነቱ በግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ይህ የኳስ ተመልካችን የሚያበሳጨው ጎረቤቱ ቀድሞ «ጎል!» ብሎ ሲጮህ ብቻ ነው። ለንግግር ግን አይሆንም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስልክ ንግግር ባወጣው ምክር መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከ400 ሚሊሰከንድ ማለፍም የለበትም። ጉግል በ2011 ለሁሉም ክፍት ያደረገውና በ2021 የዓለም አቀፍ ደረጃ ማዕረግ ያገኘው ዌብ-አር-ቲ-ሲ የተባለው ዘዴ ይበልጡን ወደ ሁለተኛው ምርጫ ያደላል፤ ምስሉ ቢደበዝዝም ንግግሩ እንዳይቋረጥ ይሻል። በእነዚህ ሁለት ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት የቴክኒክ ብቻ አይደለም። ግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ተመልካች ነው፤ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ያለ ሰው ግን ተጠይቆ ሊመልስ፣ ተጠርቶ ሊያቤት ይችላል።

እኔ ሐኪም ነኝ፤ ሙያዬ መዘግየትን እንደ ጠላት እንዳይ አስተምሮኛል። የደም ሥር ተዘግቶበት አንጎሉ በተመታ ሰው ላይ ሕክምና በዘገየ ቁጥር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ በ2006 የታተመ ስሌት ያሳያል። የነርቭ ሐኪም በሌለበት ትንሽ ሆስፒታል የተኛውን እንዲህ ያለ በሽተኛ በሌላ ከተማ ያለ ስፔሻሊስት በቪዲዮ ሲያየው፣ «ፈገግ በል፣ ሁለቱንም እጆችህን አንሣ» ሲለውና የፊቱን መጣመም በዚያው ቅጽበት ሲያስተውል፣ ያ ፍጥነት ሕይወት ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2001 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ማሬስኮ ኒውዮርክ ተቀምጠው፣ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የተኛችን ሴት የሐሞት ከረጢት በሮቦት እጅ ቀዶ አውጥተዋል። እጃቸውን ባንቀሳቀሱበትና የእጃቸውን ሥራ በስክሪኑ ላይ ባዩበት መካከል የነበረው መዘግየት በአማካይ 155 ሚሊሰከንድ ነበር። በአገራችንም በ2007 በህንድ መንግሥት በተጀመረው የመላ አፍሪካ የመገናኛ መረብ የሙከራ ሥራ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሃይደራባድ ካሉ ሐኪሞች ጋር ተገናኝቶ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው ፍጥነትን ለመንቀፍ አይደለም። በፍጥነት የዳኑትን ሰዎች አውቃለሁ።

ይሁን እንጂ ባህላችን ሆን ብሎ፣ አስቦና ተመካክሮ የሚያዘገየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መርዶ ነው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ወይም ጎንደር ላይ ሰው ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለልጁ አይደለም። የሚደወለው ለልጁ ወዳጅ፣ ለአብሮ አደጉ፣ ለእድሩ ሰብሳቢ ነው። እነዚያ በምሥጢር ይመካከራሉ፤ የሚቀርበው ማን እንደሆነ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ይኖርበት እንደሆነ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ትሆን እንደሆነ ይጠያየቃሉ። ከሥራ ቦታው ወይም ከመንገድ ላይ አያረዱትም። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ፣ በአሌክሳንድሪያ ከሴሚናሪ መንገድ አጠገብ ከቆሙት የሳውዘርን ታወርስ ሕንጻዎች በአንዱ፣ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ባለ አፓርታማ፣ አምስት ስድስት ሰዎች አንድ በር ያንኳኳሉ። በሩን የከፈተው ሰው አንድም ቃል ሳይነገረው ያውቃል። በዚያች ቅጽበት ግን ብቻውን አይደለም፤ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ዶክተር የውብዳር በየነ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አጥንተው በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ ለአሜሪካ ሐኪሞች ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ ክፉ ዜና አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ይነገራል፤ እነርሱም በተገቢው ጊዜና ቦታ ለባለቤቱ ያደርሱታል። የአሜሪካ ሕክምና በበኩሉ ዜናውን በቀጥታ ለበሽተኛው መንገር መብቱን ማክበር ነው ይላል። ይሁንና በ2000 የካንሰር ሐኪሞች ክፉ ዜናን ለመንገር ባወጡት ባለ ስድስት ደረጃ ሥርዓት የመጀመሪያው ደረጃ የንግግሩን ሥፍራ ማዘጋጀት ነው፤ ገለል ያለ ክፍል መምረጥ፣ ቁጭ ማለት፣ የሚቀርበው ሰው እንዲገኝ ማድረግ። ያን ጽሑፍ ባነበብሁ ጊዜ ስለ ጎህ ሲቀድ በር ማንኳኳት የሚናገር መሰለኝ። ሁለቱ ባህሎች ማን ቀድሞ ይስማ በሚለው ይለያያሉ፤ ሰሚው ብቻውን አይሁን በሚለው ግን አንድ ናቸው።

እንግዲህ ከዘመኑ የቪዲዮ ሥርጭት ጋር የመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ለቀስተኛው መካከል ስልኩን ከፍ አድርጎ የያዘ ወጣት አለ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ባሕር ማዶ ያሉት እንዲያዩ ነው። ነገር ግን ያ ወጣት ሳያውቀው መርዶ ነጋሪ ሆኗል። መስመሩን ከፍቶ ሲለቅ በሌላው ጫፍ ማን እንዳለ አያውቅም፤ ገና ያልተረዳች እህት በእረፍት ሰዓቷ ብቻዋን ስልኳን ከፍታ ትሆናለች። ከቀድሞው ሥርዓት ውስጥ የተሰረዘው ያ አንድ ሌሊት ነው፤ ሽማግሌዎቹ የተመካከሩበት፣ ማን ይያዛት የተባባሉበት ሌሊት። መሐንዲሱ ሠላሳ ሰከንዱን ወደ ግማሽ ሰከንድ ሲያወርድ ያንን ሌሊት ለማጥፋት አላሰበም። ይሁንና ሌሊቱ ተሸሽጎ የኖረው በርቀት ውስጥ ነበርና ርቀቱ ሲነሣ አብሮ ተነሣ።

በሆስፒታልም ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። በ2016 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል የላቦራቶሪና የናሙና ምርመራ ውጤት ያለ መዘግየት ለበሽተኛው እንዲደርስ አደረገ። ሰውየው ስለ ገዛ አካሉ የማወቅ መብቱ ተከብሯል፤ ይህን እደግፋለሁ። ነገር ግን «ካንሰር» የሚለውን ቃል ዓርብ ማታ በስልኩ ላይ ብቻውን ያነበበ ሰው ሰኞ ጠዋት ሲመጣ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ሦስት ሌሊት አውቀዋለሁ። መብቱ በሰዓቱ ደርሷል፤ ሰው ግን አልደረሰለትም።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ ተቃውሞውም ብርቱ ነው። መዘግየት ርኅራኄ ነው የምንለው እኛ አዘግይዎቹ ነን፤ የተዘገየበት ሰውስ ምን ይላል? ለዚህ ከራሴ ሕይወት የምመሰክረው አለኝ። በ1987 ሕክምና ለመማር ወደ ኪየቭ ተላክሁ። በሁለተኛው ዓመት ደሴ ላይ አባቴ አረፉ። ቤተሰቦቼ ፈተናዬ እንዳይሰናከል ብለው ደበቁኝ። በስምንት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ለአባቴ ጻፍሁ፤ የጉልበታቸውን ሕመም ጠየቅሁ፣ ስለ በረዶው አጫወትኋቸው። መልሱ የሚመጣው በአጎቴ እጅ ጽሑፍ ነበር፤ «አባትህ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል» ይላል። በመጨረሻ የአገሬ ልጆች አራት ሆነው ከንጋቱ በፊት ወደ መኝታ ክፍሌ መጡ። መርዶውን ያረዱኝ እንደ ሥርዓቱ ነው፤ አንዱ ይዞኝ ነበር፣ ሌላው ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር። ስለዚያች ሰዓት እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ስለ ስምንቱ ወራት ግን ዛሬም፣ ይህን ያህል ዓመት አልፎ፣ ምን እንደምል አላውቅም። ሙሉ ተዝካር አውጥተው፣ ለቅሶውን ጨርሰው፣ እንባቸውን ጠርገው ነበር፤ እኔ ስጀምር አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አልቀረም። ፍቅር ነበር፤ ነገር ግን የእኔን ሐዘን ያለ እኔ ፈቃድ የያዘ ፍቅር ነበር።

ከቤተሰብ ወደ መንግሥት ሲኬድ ደግሞ መዘግየት ፍቅርም የለበት። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተዘጋ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ቆየች። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል መስመሩ ለወራት ጠፋ። በእነዚያ ጊዜያት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሰዎች እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ሥራ ውለው ይገቡ ነበር። ሞትን እንኳ እንደ ሞት ማልቀስ አልቻሉም። ያን መዘግየት ማንም መርዶ ብሎ አይጠራውም፤ ቃሉ አፈና ነው።

ታዲያ የሽማግሌዎቹን ሌሊት ከአጎቴ ስምንት ወርና ከተዘጋው መስመር የሚለየው ምንድን ነው? የጊዜው ርዝመት ብቻ አይመስለኝም። በሽማግሌዎቹ ሌሊት የሚዘገየው ጊዜ በሙሉ የሚውለው ለሰሚው ነው፤ ሰው ለመጥራት፣ ለመምጣት፣ ለመያዝ። ያ ሥራ ሲያልቅ መዘግየቱም ያልቃል። አዘግይዎቹም በማግሥቱ ከሐዘንተኛው ፊት ይቆማሉ፤ «ለምን ትናንት አልነገራችሁኝም?» ቢላቸው መልስ አላቸው። በስምንቱ ወራት ውስጥ ለእኔ የሚሠራ ሥራ አልነበረም፤ የነበረው መጠበቅ ብቻ ነው። መስመሩን የዘጋው ባለሥልጣን ደግሞ መልስ ሊሰጥ በማንም ደጃፍ አይቆምም። እንግዲህ መዘግየትን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ነው፦ በመሐል ያለው ጊዜ ለማን እየተሠራበት ነው? የያዘውስ ሰው ፊቱን ያሳያል ወይ?

በዚሁ ሚዛን ፈጣኑንም ሥርጭት መመዘን ይቻላል። በ2020 ጸደይ ሆስፒታሎች ጠያቂ በከለከሉ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች የሚሞት ወላጃቸውን የተሰናበቱት በቪዲዮ ነበር። መስመሩ ከመከፈቱ በፊት ነርሷ ደውላ «አሁን የት ናችሁ? አጠገባችሁ ማን አለ? አባታችሁ ቱቦ ገብቶላቸዋል፣ ፊታቸው አብጧል፤ ልታዩአቸው ትፈልጋላችሁን?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን በጓንት በተሸፈነ እጇ ይዛ ትቆማለች። ቴክኖሎጂው ቀብር ላይ ስልክ ከያዘው ወጣት ቴክኖሎጂ አይለይም። የሚለየው ያ የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ነው። ሽማግሌዎች በአንድ ሌሊት ያደርጉት የነበረውን ነርሷ በሁለት ደቂቃ አደረገችው።

ስለዚህ ቀድሞ ርቀት በነጻ ይሰጠን የነበረውን ዛሬ እኛ አስበን መስጠት ይኖርብናል። ቀብሩን የሚያሠራጭ ሰው መስመሩን ለዓለም ሁሉ ከመልቀቁ በፊት ያልተረዳ ዘመድ እንደሌለ ይጠይቅ፤ ካለም ወዳጆቹ ደጁ እስኪደርሱ ይታገሥ። የሚያይም ሰው ብቻውን ከአውቶቡስ ውስጥ ከማየት ከሚያውቀው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይይ። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ መሐንዲሶች ከቶ ሊሰጡን የማይችሉት አለ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር መስታወት ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ድምፅ ለመሄድ 57 ሚሊሰከንድ፣ ደርሶ ለመመለስ 115 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። እውነተኛው ገመድ ባሕር እየዞረ ስለሚሄድ ከዚህ ይበልጣል። ለንግግር ይህ በቂ ነው። አብሮ ለመዘመር ግን አይበቃም፤ ሙዚቀኞች ምታቸውን አንድ አድርገው መጫወት የሚችሉት መዘግየቱ ከ25 ሚሊሰከንድ ገደማ ሳያልፍ ነው። ሙሾ ደግሞ እንደ ዘፈን ተቀባይ ይሻል፤ አልቃሿ ታወጣለች፣ ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ይቀበላል። በሲልቨር ስፕሪንግ የተቀመጠ ሰው አዲስ አበባ ላይ የሚወጣውን ሙሾ ሊያይ፣ ሊሰማ፣ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ከድንኳኑ ሰዎች ጋር በአንድ ምት ሊቀበል ግን አይችልም። ይህን የሚከለክለው የብርሃን ፍጥነት ነውና ነገም አይሻሻልም።

ድምፅ በአየር ላይ በ25 ሚሊሰከንድ የሚሄደው ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ የአንድ ሳሎን ስፋት ነው። አብሮ ማልቀስ የሚቻልበት ዳርቻ ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ማየትና መነጋገር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት አባቶቻችን ሚሊሰከንድ አልቆጠሩም፤ የሳሎኑን ስፋት ግን ያውቁት ነበር። ቀብሩ በስልካችን ላይ ሲያልፍ አይተን «ደርሰናል» ብለን የምንቀመጥ ከሆነ ከአገር ቤቱም ከዚህኛውም ቀርተናል ማለት ነው። ስልኩን ዘግቶ ተነሥቶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ ያችኑ መርዶ የሰማች ሴት ወደምትኖርበት አፓርታማ መውጣት አሁንም መድረስ ይባላል።